ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስድብ፣ ሁለት ቅጂ

ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያለቅሳል። ገና ያላለቀሳችሁ ካላችሁ ቀኑ አልደረሰም እንጂ አልቀረላችሁም። ምክር ፈልጋችሁ ከሆነ ይህን የምታነቡት፣ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ እንኳን ለሰው ለራሴም አልሆንኩ። የምጽፈው እንዴት እንደሆነ እንድታውቁት ብቻ ነው። አውቃችሁም ያው ታደርጉታላችሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሾፌር ነበርኩ። መጀመሪያ ወንጂ ሸንኮራ አመላልስ ነበር፤ ኋላ ከጅቡቲ ሞጆ ኮንቴይነር ስጎትት ኖርኩ። ማንበብ ሳልችል መንጃ ፈቃድ እንዴት እንዳወጣሁ አትጠይቁኝ፤ ያኔ ያወቁ ሰዎች ዛሬ በጡረታቸው በሰላም ተቀምጠዋል። የመንገዱን ምልክት በቀለሙ፣ ከተማውን በጠረኑ ነበር የምለየው። ሞጆ መድረሳችሁን የቆዳው ሽታ ራሱ ይነግራችኋል፤ ለዚያ ፊደል አያስፈልግም።

ታዲያ ወንጂ የጎልማሶች ትምህርት ተከፈተና ጓደኞቼ ገፋፍተው አስገቡኝ። አስተማሪዋ በላይነሽ ትባላለች። የመጀመሪያ ቀን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሷን እሷን ሳይ ጠመኔዋን ወደ እኔ ቀስራ፣ “አንተ፣ ምን ታፈጥብኛለህ? ፊደሉ ያለው ሰሌዳው ላይ ነው!” አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ተማሪ የዚያን ቀን ሦስት ፊደል ይዞ ቤቱ ገባ፤ እኔ ያንን ስድብ ይዤ ገባሁ። በዓመቱ ማንበብ ቻልኩ። በሁለት ዓመቱ አገባኋት።

ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ሰደበችኝ። ስትሰድብ ግን እንደ ገበያ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም። ስድቧ በልኬ የተሰፋ ነበር። ወጥ ልሥራላት ብዬ የሠራሁ ቀን ቀምሳ፣ “ይህን የሠራኸው ልንበላው ነው ወይስ ጎማ ልንለጥፍበት?” አለች። ማንኮራፋቴን፣ “ዳገት ላይ ማርሽ የጠፋበት መኪና ነህ፤ ወይ ውጣው፣ ወይ ውረደው፣ እኛም እንተኛበት” ትለዋለች። ስልክ ደውላ “መጣሁ” ስላት፣ “የአንተ መጣሁ ሁልጊዜ ከጅቡቲ ነው እንዴ የሚነሳው?” ከሁሉ የምወደው ደግሞ ቁጥር መቶ ሃያ ሰባት ነበር። ስለ ጭንቅላቴ የተናገረችው ነው፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባበታል። እሱን ልነግራችሁ አልችልም። ለምን እንደማልችል ነው ወሬው ሁሉ።

ከአራት ዓመት በፊት ሞተች። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

የባሰው ከለቅሶው በኋላ የመጣው ነው። ሰው ሁሉ ያከብረኝ ጀመር። “ጋሼ ይቀመጡ፣ ጋሼ ይብሉ፣ ጋሼ አይድከሙ።” ሃያ ዓመት በየቀኑ የተሰደበ ሰው በአንድ ጊዜ ሲከበር ይታመማል። ቤቱ ጸጥ አለ። ስድቧም ከጭንቅላቴ አንድ አንድ እያለ ሲወጣ ታወቀኝ። ልጄ ሰላም ለትምህርት ኩየራ ስትሄድ የተወችው አሮጌ ላፕቶፕ ነበር፤ እሱን ከፍቼ በሁለት ጣት መጻፍ ጀመርኩ። ቁጥር አንድ፣ ጠመኔዋና ሰሌዳው። ቁጥር ሁለት። የት እንዳለችው፣ ምን አጥፍቼ እንዳለችው፣ እያንዳንዱን። በአራት ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረስኩ። ሰው ሐውልት ያሠራል፤ እኔ ይህን ሠራሁ።

አንድ ቀን ከሰላም ጋር በስልክ ስናወራ፣ “አባዬ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው? ወፍጮ ቤት ነህ እንዴ?” አለችኝ።

“ኮምፒውተሩ ነው።”

“ይሄ ነገርማ ሊሞት ነው! በውስጡ ያለውን ነገር ቶሎ ቅዳ። ሁለት ቦታ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጪ ይቀመጥ። ወይ ለእኔ በቴሌግራም ላክልኝ፣ እይዝልሃለሁ።”

በቴሌግራሙ አልተስማማሁም። ከቁጥር ሰማንያ ስምንት እስከ ዘጠና አምስት ያሉት ልጅ ስለ አባቷ ልትሰማቸው የሚገቡ አይደሉም። ለእናንተም አልነግርም። የቀረውን ምክሯን ግን ቃል በቃል ፈጸምኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አንድም ነገር አላጎደልኩም። የጠፋሁት ሳልታዘዝ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይቆጨኝም ነበር።

እኔ በምኖርበት አዳማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ገመቹ የሚባል ጠጋኝ አለ። ድሮ ሬዲዮ ነበር የሚጠግነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር። ራሱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ የረጋ ሰው ነው። አንድ ፍላሽና አንድ ሃርድ ዲስክ አምጥቼ፣ “ቅዳልኝ” አልኩት። ቀዳልኝ። ከዚያ፣ “ጋሼ፣ ይምጡ፣ እንዴት ከፍተው እንደሚያዩት ላሳይዎት” አለ።

“ለምን ብዬ ነው የምከፍተው? የሚከፈት ላፕቶፕ ቤቴ አለ አይደል?”

“አልፎ አልፎ ከፍቶ ማየት ጥሩ ነው ብዬ ነው።”

“ይህ መጠባበቂያ ነው፤ መጠባበቂያ ይጠብቅ” ብዬው ወጣሁ። የተናገርኩት አባባል በጣም ደስ ብሎኝ እስከ ቤቴ ደጋገምኩት።

እንግዲህ ፍላሹን የት ላድርገው? ልጅ ሆኜ እናቴ አንገቴ ላይ ክታብ አስራልኝ ነበር። ብራና ላይ የተጻፈ፣ ተጠቅልሎ በቆዳ የተሰፋ። ምን እንደሚል እናቴም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ፤ ክታብ አይከፈትም። ከተከፈተ አይሠራም፤ ጽሑፉ የሚጠብቃችሁ ተሰፍቶ ሲኖር ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ለእኔ ጽሑፍ ማለት ይህ ነበር፤ የሚታሰር እንጂ የሚነበብ ነገር አይደለም። ስለዚህ ፍላሹን ይዤ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄድኩና በጥሩ የሞጆ ቆዳ አሰፋሁት፤ በአራቱም በኩል፣ በሰም በታሸ ክር። ከማተቤ ጎን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ገመቹ ሌላ ቀን አይቶት፣ “ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው ክታብ ያሰሩት?” አለኝ። “በላይነሽ ናት” አልኩት። ምናልባት ያኔ መጠየቅ ነበረበት፤ ግን እንዲህ የተመለሰለት ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠ ወገብ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ ፍል ውሃ እነከራለሁ። የመታጠቢያው ዘበኛ፣ “አባት፣ የአንገትዎን አውልቀው ይግቡ” ሲለኝ ተቆጣሁት። ማተብ ይወልቃል እንዴ? በላይነሽስ ብትሆን በውሃ ምን ትሆናለች? ከነአንገቴ ገባሁ። ቆዳው ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ሲያብጥ ቤቴ እመለስና ከሰል ምድጃው ዳር አንጠልጥዬ አደርቀዋለሁ። ሲደርቅ ጭምትር ብሎ እንደ ቋንጣ ይጠነክራል። እየጠነከረ ሲሄድ እኔ ደስ ይለኛል፤ የበለጠ የተጠበቀ መሰለኝ። ሰባት ቅዳሜ ቀቀልኩት፣ ሰባት ጊዜ ጠበስኩት።

ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ከቤት ውጪ ይሁን ተብሏል። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ እትዬ አስካለ አሉ፤ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው። ከሰሜን ሸዋ የመጡ፣ ምግብ ቤት እንጀራ የሚያቀርቡ፣ ለምላሳቸው ፍሬን ያልተሠራለት ሴት ናቸው። በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በፌስታል አስሬ ወሰድኩላቸው።

“እትዬ፣ አደራ።”

“ምንድን ነው? ሽጉጥ ከሆነ ቤቴ አይገባም!”

“ሽጉጥ አይደለም። የበላይነሽ ነገር ነው።”

ይህን ስላቸው ተቀብለው ሳሙት። “አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ” አሉ። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። የት እንደሚያኖሩትም አልጠየቅኋቸውም። ለሰው አደራ ሰጥቶ “የት አኖርሽው?” ማለት “አላምንሽም” ማለት ነው። ይህ የእኛ ጨዋነት ነው። በጨዋነት የጠፋውን ነገር የሚጽፍ ሰው ቢነሳ ወረቀት አይበቃውም።

እንዲህ አድርጌ ሁለት ወር በሰላም ተኛሁ። አንዱ አንገቴ ላይ፣ አንዱ አደራ። እኔን ያየ ባለ ባንክ አይመስለውም?

ላፕቶፑ አንድ ሰኞ አልነሳ አለ። ባጃጅ ይዤ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ።

“አካም፣ ጋሼ፣ ነጉማ?” ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀብሎኝ ሲጎረጉር ቆየ። “ቫይረስ ነው። ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም። ግን አይጨነቁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቢተዉልኝ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ላወጣልዎት እሞክራለሁ።”

ይህን ቃሉን አስታውሱልኝ። ላወጣልዎት ብሎኛል። እኔ ግን ኩራት አናቴ ላይ ወጥታ ነበር። አርጅቼ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ከተማረ ሰው እኩል አዘጋጅቼ ተገኘሁ።

“ምን ያደክምሃል? ደምስሰው። ቅጂ አለኝ፤ ያውም ሁለት።”

“ይከፈታሉ?”

“አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ የቀዳህልኝ?”

“ያኔማ ይከፈቱ ነበር። አሁንስ አይተዋቸዋል?”

“ገመቹ፣ ደምስስ ብዬሃለሁ!”

“እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? ከዚህ በኋላ መመለሻ የለውም።”

ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ካድኩት፤ ዶሮ ብቻ ነው ያልጮኸው። ደመሰሰ። ላፕቶፑ እንደ አዲስ ሙሽራ ጸድቶ ተነሳ፤ ጩኸቱም ጠፋ። “በሉ፣ አሁን ፍላሹን ይስጡኝና ልመልስልዎት” አለ።

ከአንገቴ አወለቅኩት። ቆዳው በእጅ አልፈታም አለ። በምላጭ ሞከረ፣ ምላጩ ተሰበረ። በጉጠት ይዞ በመጋዝ ሲከፍተው ከውስጡ አንድ የተጣመመ፣ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት የበላው፣ ጫፉ የቀለጠ ነገር ወደቀ። ገመቹ አነሳው። አገላበጠው።

“ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዋኝቷል?”

“እኔ ስታጠብ አብሮኝ ይታጠባል።”

“የት?”

“ሶደሬ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ከሰል ዳር አደርቀዋለሁ።”

ገመቹ መነጽሩን አወለቀ። “በውሃው ብቻ ቢሆን እኮ ምናልባት አንድ ነገር እናደርግ ነበር” አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ፣ “ማል ጎና” አለ፤ ምን ይደረግ ማለቱ ነው። እሱ ይህን ሲል ነገሩ እንዳበቃለት በአዳማ የማያውቅ የለም።

አሁንም ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። ተስፋ ማለት የሞኝ ትርፍ ጎማ ነው። እኔ እኮ ነፋስ የሌለው ትርፍ ጎማ ጭኖ በረሃ የገባ ረዳቴን በአፋር ፀሐይ ላይ አቁሜ የሰደብኩ ሰው ነኝ! “ሳትነሳ በፊት በእግርህ መታ አታደርገውም?” ብዬ። ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ባጃጅ ውስጥ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ትዝ የሚል ነገር ደግሞ ሁሌም የረፈደ ነው።

እትዬ አስካለ በራቸው ላይ አገኙኝ።

“እትዬ፣ ያቺን አደራ።”

“ምነው ደኅና?”

“ደኅና ነኝ። አደራዋን።”

“ጤፍ ውስጥ ናት፣ ምን ያስቸኩልሃል? እናቴ ወርቋን ከጤፍ ሌላ የትም አኑራ አታውቅም። ተነፍቶ የተዘጋጀ ጤፍ መሐል ቅብር አድርጌ...” ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሁለት ጆንያ ጤፍ ነበራቸው። ጓዳው ውስጥ ያየሁት አንድ ጆንያ ነው። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱ። ፈለጉ። አወጡ። እንደገና ከተቱ። ከዚያ እዚያው ቁጢጥ አሉ።

“ባለጋሪውን በስተግራ ያለውን ውሰድ ነው ያልኩት። በስተግራ!”

“መቼ ወሰደ?”

“ጠዋት። ወፍጮ ቤት።”

ሁለታችን በአንድ ባጃጅ ወፍጮ ቤት ደረስን። ባለወፍጮው ከጫማው እስከ ሽፋሽፍቱ ዱቄት ለብሶ፣ ሰው ይሁን ምስል ሳይለይ ቆሟል። በወፍጮው ጩኸት ላይ ነው የምናወራው።

“ጤፍ ውስጥ ዕቃ ነበር!” እላለሁ።

“ምን?”

“ዕቃ! ጥቁር ዕቃ! በፌስታል የታሰረ!”

“እሱ የእናንተ ነው?” አለና ወፍጮውን አጠፋው። “ጤፉ አልወርድ ብሎኝ፣ የወፍጮው አንገት ላይ ተወትፎ አስቸገረኝ እኮ! ድንጋይ መስሎኝ በብረት ዘንግ ጎሸም፣ ጎሸም፣ ጎሸም አደረግኩት።” ይህን ሲል በእጁም አሳየን። ሦስቱንም ጎሸምታ። “ስብርብር ሲል ነው አልፎ የወረደው። የቀረውን እዚያ ጥዬዋለሁ።”

ጥግ ላይ አገኘሁት። የጋዜጣ ብጥስጣሽ፣ የላስቲክ ስባሪ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ቅንጥብጣቢ። ሁሉም ዱቄት ለብሷል። በሁለት እጄ አፈስኩት። እትዬ አስካለ አጠገቤ ቆመው ዱቄታቸውን በጣታቸው እያሹ፣ “ይሄስ? ይሄ የሚያብለጨልጨው? ይህን ነው ነገ ለሰው የማበላው?” ብለው ጮኹ። በአንድ ወፍጮ ቤት ሁለት ለቅሶ ተቀመጥን፤ እኔ በበላይነሽ፣ እሳቸው በኩንታል ጤፍ። ባለወፍጮው ማንን እንደሚያጽናና ጠፍቶት በመካከል ቆሞ ቀረ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀት ብይዝ ኖሮ ሁለት እንሆን ነበር። አሁን ሞኙ ብቻዬን ቀረሁ።

ቤቴ ገብቼ የጸዳውን ላፕቶፕ ከፈትኩት። እንዴት እንደሚፈጥን! ምንም የለበትም፣ ለምን አይፈጥንም? እስቲ ከራሴ ላውጣ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ሠላሳ አንድ መጡልኝ። ለእናንተ ከላይ የነገርኳችሁ ከእነሱ ውስጥ ናቸው፤ ከዝርዝሩ መርጬ የነገርኳችሁ መስሏችሁ ነበር? የቀሩኝ ናቸው። ሰማንያ ስምንተኛውን አልነግርም ያልኳችሁም እውነቱን ለመናገር ጠፍቶኝ ነው። መቶ ሃያ ሰባተኛውን አሰብኩት፣ አሰብኩት። ጭንቅላቴ አለበት። ሞጆ ደረቅ ወደብ አለበት። ሁለቱ በምን እንደተገናኙ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም። እንደዚያ ስትለኝ መኪና እያጠብኩ ነበር፤ ሳሙናው ትዝ ይለኛል፣ ባልዲው ትዝ ይለኛል፣ ስቃ እንደሄደች ትዝ ይለኛል። ቃሉ የለም። ሰው ሲሞት አንድ ጊዜ ነው የሚሞተው፤ እኔ ግን ሚስቴን በራሴ እጅ ቀቅዬ፣ ጠብሼ፣ አስፈጭቼ ደገምኳት።

ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ሰላም ስትደውል፣ “ቀዳህ አባዬ?” አለችኝ። “ቀድቻለሁ” አልኳት። ውሸት አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በሩ ተደበደበ።

“አንተ ሰው! ሞተህ ከሆነ ንገረኝ፣ ድንኳን ላስተክል!”

እትዬ አስካለ ናቸው። ከፈትኩላቸው። ገብተው ተቀመጡ። እኔም የሦስት ቀን ቁጣ ጠምቄ ነበርና ጀመርኩ።

“ጤፍ ውስጥ! ሰው የሰው አደራ ጤፍ ውስጥ ያስቀምጣል?”

“ስትሰጠኝ ኤሌክትሪክ ነገር ነው ብለኸኛል? የበላይነሽ ነገር ነው አልክ፤ ወርቋ መሰለኝ! ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ‘አምጪው ልየው’ ብለኸኛል?”

“አደራ ተብሎ ይጠየቃል?”

“አንገትህ ላይ ያለውንስ? የራስህን አንገት ማን ከለከለህ? አንድ ቀን ከፍተህ አይተኸዋል?”

“ክታብ አይከፈትም።”

“ክታብ አይከፈትም፣ አደራ አይጠየቅም። ታዲያ አንተ ፊደል የተማርከው ለምንህ ነው?”

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ግድግዳውን አዩት፤ በእሳቸውና በእኛ ቤት መካከል ያለውን፣ ስስ የጭቃ ግድግዳ።

“እውነቷን ነው በላይነሽ” አሉ። “‘የዚህ ሰውዬ ጭንቅላት ሞጆ ደረቅ ወደብ የቆመ ኮንቴይነር ነው፤ እንደታሸገ ይገባል፣ ሳይፈተሽ ይወጣል’ ስትል በዚህ በኩል እየሰማሁ ስንቴ ስቄያለሁ።”

ብድግ ስል ወንበሩ ተገለበጠ።

“ድገሚው! ይድገሙት እትዬ!”

“ምኑን?”

“አሁን ያሉትን!”

“ሞጆ የቆመ ኮንቴይነር ነው... እንደታሸገ ገብቶ፣ እዚያው ሳይፈተሽ ይኖራል፣ ነው ያለችው።”

“ይወጣል ነው ይኖራል?”

“እኔ ምን አውቄ! ግድግዳ እኮ ነው መካከላችን ያለው፣ ወንፊት አይደለም!”

የሰላምን አሮጌ ደብተር ከመሳቢያ አወጣሁ። እስክሪብቶ ፈለግኩ። ኮምፒውተሩን ዞር ብዬም አላየሁት። ሁለቱንም ጻፍኩ፤ “ይወጣል” የሚለውንም፣ “ይኖራል” የሚለውንም። አንዱ የበላይነሽ ነው፤ አንዱ የእትዬ አስካለ ነው፤ ወይም ሁለቱም የእትዬ አስካለ ናቸው። የትኛው እንደሆነ እኔ እስክሞት አላውቅም።

“አምጣ፣ ልያዝልህ” ብለው እጃቸውን ዘረጉ፣ ደብተሩን ሊቀበሉኝ።

“አልሰጥም!”

“እሺ፣ እንግዲያው አንብበው፤ ምን ብለህ እንደጻፍከው ልስማው።”

ደብተሩን ከፍቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩላቸው። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እንዲህ አለሳልሳውማ አይደለም” አሉኝ። “ከዚህ የባሰ ነበር።”